ማሠራጫውን ጋቢ ማልበስ

ቢያዝን ሰው የማይበዛበትን ሰዓት አሳምሮ ያውቃል። ከሞጣ ከተማ በላይ ኮረብታው ላይ ወዳለችው የቆርቆሮ ቤት ሲወጣ ገና አልነጋም፤ ሥራውን ጨርሶ ሲወርድ ደግሞ ከተማው በሩን መክፈት እየጀመረ ነው። በዚያ ሰዓት ሰላም የሚሉት ከቤቷ አጠገብ የቆመው የሬዲዮ ማማ ዘበኛ አያ ጓዴ ብቻ ናቸው። እሳቸውም ሌሊቱን በጥበቃ ስለሚያሳልፉ ጧት ላይ «ደኅና አደርህ» ብለው ጋቢያቸውን መከናነብ እንጂ ወሬ አይወዱም።

ቢያዝን ከስምንተኛ ክፍል ትምህርቱን ካቆመ ወዲህ ስምንት ዓመት ሙሉ በሐምዱ ሱቅ ጓሮ ክፍል ተቀምጦ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሲጠግን ኖሯል። ደንበኛ ሲመጣ ሐምዱ ያናግራል፤ ቢያዝን ይፈታል፣ ይበይዳል፣ ይገጥማል። ዕቃው ሲድን የሚመሰገነው ሐምዱ ነው። ቢያዝንም ለዚህ ሐምዱን በልቡ ያመሰግነዋል፤ ምስጋና መቀበል ራሱ መልስ ይፈልጋላ።

የቆርቆሮዋ ቤት ውስጥ ያለው ሣጥን የሬዲዮ ማሠራጫ ነው። ባለፈው ጥር አንድ የረድኤት ድርጅት ተክሎት ሄደ፤ እንዲጠብቀው ደግሞ ከሐምዱ ጋር ውል ገባ። ሥራው ቀላል ይመስላል። ዓባይ ቆላ ውስጥ ዋሻ በር የምትባል ቀበሌ አለች፤ ስልክ አይሠራባትም፤ መኪናም አይደርስባት። እዚያ ያለችው አዋላጅ ነርስ ሲስተር ዘሚራ ከደሴ ተመድባ የመጣች ናት። በእጅ ሬዲዮዋ ስትናገር ሣጥኑ ድምፅዋን ተቀብሎ በጉልበት ወደ ሞጣ አምቡላንስ ክፍል ያሻግረዋል። ከዚህ በፊት ምጥ የጠናባትን ሴት በቃሬዛ አምስት ሰዓት ዳገት ተሸክመው መንገዱ ጫፍ ሲደርሱ አምቡላንስ አይኖርም ነበር፤ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። አሁን ቃሬዛው ከታች ሲነሣ መኪናው ከላይ ይነሣል።

ችግሩ ጥላው ነው።

ማሠራጫው ድምፅን ከመላኩ በፊት ለሁለት ይከፍለዋል፤ በሁለት ክንድ ያሳልፈዋል። ሁለቱ ክንዶች እኩል ጉልበት ሊኖራቸው፣ አንዱም ከሌላው በተወሰነች ርቀት ብቻ ሊዘገይ ይገባል። ይህ ሲሟላ ድምፁ ወደ ታዘዘበት ቦታ ብቻ ይሄዳል። አንዱ ክንድ ትንሽ ከበረታ፣ ወይም ትንሽ ከዘገየ ግን፣ ድምፁ መስተዋት ፊት እንደ ቆመ ሰው ማዶ ላይ ጥላ ያወጣል። የዚህ ሣጥን ጥላ የሚወድቀው ሌላ የጤና ሬዲዮ መስመር ላይ ነበር፤ ቢቸናዎች ላይ።

የመጨረሻው ደብዳቤ ከቢቸና ሬዲዮ ክፍል የመጣው ሰኞ ዕለት ነው። «እስከ መጪው ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ካልተስተካከለ ማሠራጫው እንዲዘጋ እንጠይቃለን» ይላል። ከሥሩ የመስመሩ ተቆጣጣሪ የወይዘሮ ፋንታነሽ ፊርማና የስልክ ቁጥር አለ።

በማግስቱ ሐምዱ ደብዳቤውን በባንኮኒው ላይ ዘርግቶ መነጽሩን አወለቀ።

«ሁለት ጊዜ አስተካክለኸዋል አይደል?»

«አዎ ጋሼ። ሁለቴም ጠፍቶ ነበር። በመቀበያ ሰምቼ ነው የወረድሁት።»

«ታዲያ ለምን ይመለሳል?»

«አላወቅሁም።»

«ሴትዮዋን ጠይቀሃታል?»

«ደብዳቤ ጽፌላቸዋለሁ። ሁለት።»

«ደብዳቤ!» ሐምዱ ወደ ጣሪያው ቀና አለ። «ከሞጣ ቢቸና ደብዳቤ! በቅሎ አልጫንህበትም? ቁጥሯ ይኸው እዚህ አለ።»

«ምን እላቸዋለሁ?»

«‹ደኅና ዋሉ› በል። ከዚያ ወዲያ ያለውን እሷ ትጨርሰዋለች፤ የቢቸና ሰው ወሬ አይነጥፍበትም።» ይህን ብሎ ቁጥሩን ራሱ ደወለና ስልኩን ቢያዝን ጆሮ ላይ ለጠፈው።

ቢያዝን ጆሮው ጋለ። «ደኅና ዋሉ፣ እትዬ ፋንታነሽ። ከሞጣ ነው… የማሠራጫው…»

«ጥላውን የምትልክብን አንተ ነህ?»

«አዎ… ማለቴ፣ እኔ አልልከውም።»

«ስማኝ የኔ ልጅ፤ ጽሕፈትህ ያምራል፣ አንድ ፊደል እንኳ አትስትም። ግን በደብዳቤህ ‹ጥላው ጠፍቷል› ትላለህ፤ እኔ ዘንድ ምሳ አብሮኝ ይበላል። ሲስተር ዘሚራ እናንተን ‹ጓንት አለቀብኝ› ስትላችሁ የምሰማት እኔ ነኝ።»

«ምሳ ሰዓት ነው የሚመጣው?»

«ከአምስት እስከ አሥር ሰዓት። ጧት ጧትማ ሰላም ነው።» ከዚያ ድምፅዋ ረገብ አለ። «ባለፈው ማክሰኞ እባብ የነደፈው ሕፃን ይዘው ከታች ሲጣሩኝ፣ የእናንተ ጥላ ሸፍኖብኝ አራት ጊዜ ‹ድገሙ› አልሁ። ልጁ ተርፏል። ባይተርፍስ? ክፉ ሆኜ አይደለም የጻፍሁት።»

ቢያዝን «እሺ» ብቻ ብሎ ስልኩን መለሰ። ሐምዱ ግን ፊቱ ላይ አንድ ነገር አየ።

«ምን አለችህ?»

«ጧት የለም አሉኝ። እኔ የማስተካክለው ደግሞ ሁልጊዜ ጧት ነው።»

በዚያው ቀን ቢያዝን በሰባት ሰዓት ፀሐይ ኮረብታውን ወጣ። የቆርቆሮዋ ቤት በር ሲከፈት ትኩስ አየር ፊቱን መታው። ሣጥኑን በመዳፉ ነካና ቶሎ እጁን መለሰ፤ እንደ ምድጃ ግሏል። በመቀበያው የቢቸናን መስመር ከፍቶ ጠበቀ። ብዙም አልቆየ፤ የሲስተር ዘሚራ ድምፅ ራቅ ብሎ፣ ግን ጥርት ብሎ፣ ባልተጠራበት መስመር ላይ መጣ።

ሁለቱን ክንዶች በጧት ብርድ እኩል ያደርጋቸዋል። ፀሐይ ቆርቆሮውን ስታግለው ግን አንዱ ክንድ ከሌላው ይልቅ ይደክማል። ይህን የሣጥኑ መጽሐፍ ባይነግረውም ማወቅ ነበረበት። አንድ ቀን እንኳ በቀትር ወጥቶ ቢሆን ኖሮ በእጁ መዳፍ ያውቀው ነበር። በቀትር ያልወጣው ደግሞ ለምን እንደ ሆነ ለራሱም መናገር አሳፈረው፤ በቀትር መንገዱ ሰው ይበዛበታል።

ማታ ሱቅ ውስጥ ነገሩን አብራራ። ሐምዱ አሰበና፣

«ሣጥኑን ሌላ መስመር ላይ ብናዞረውስ?» አለ።

«ጥላውም አብሮት ይዞራል፣ ጋሼ። ከቢቸና ብናነሣው የሌላ ሰው ደጃፍ ላይ ይወድቃል። ማስተካከል ያለብን ሲግል ነው። ደግሞ እዚያው ማማው ሥር ያለ መቀበያ ከጉልበቱ የተነሣ ይደነቁራል፤ ቀጭኗን ጥላ አይለይም። ከሩቅ የሚያዳምጥ ሰው ያስፈልጋል። እትዬ ፋንታነሽ ቢቸና ሆነው ቢያዳምጡ…»

«እዚህ ደግሞ የሚናገር ሰው።»

«አዎ። ሣጥኑ ድምፅ ካልሰማ በአሥር ሰከንድ ይዘጋል። ዘፈን እንዳንለቅበት በጤና መስመር ክልክል ነው።» ቢያዝን ዐይኑን ከባንኮኒው አላነሣም። «እርስዎ ቢናገሩ ብዬ ነበር።»

ሐምዱ ሳቀ። «እኔማ ደስ ይለኛል! ቆላውን በሙሉ የሬዲዮ ዋጋ እነግረዋለሁ።»

ረቡዕና ሐሙስ ሰማዩ ተቀደደ። ሰኔ ገብቷልና መብረቁ ኮረብታውን ሲጎበኝ ዋለ፤ በመብረቅ ደግሞ ሣጥኑን ማጥፋት ግዴታ ነው። በእነዚያ ሁለት ቀናት ዋሻ በር ድምፅ አልነበራትም። ዓርብ ጧት ዝናቡ አባራ፤ ጭጋጉና ብርዱ ግን አልለቀቀም። አምቡላንስ ክፍሉ መስመሩን ለሙከራ የፈቀደላቸው ከስድስት እስከ ሰባት ሰዓት ብቻ ነበር።

ሐምዱ ይህን ሲሰማ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። «ዓርብ! ስድስት ሰዓት! እኔ እኮ ጁምዓ ነኝ።»

«ሌላ ሰው…»

«ሌላ ሰው የሣጥንህን ነገር የት ያውቃል? አፍ አለህ፤ ከፍተህ ተናገር። አላህ ይርዳህ።» ጀርባውን መታ መታ አድርጎት ወደ መስጊድ ሄደ።

ቢያዝን ኮረብታውን ወጣ። ቤቱን ከፍቶ ሣጥኑን ነካ፤ ቀዝቅዟል። ቢናገርበትም በዚህ ብርድ እንደ ፀሐይ ቀን አይግልም። ያልጋለ ሣጥን ማስተካከል ደግሞ ሦስተኛ ጊዜ ያንኑ ስሕተት መሥራት ነው። ዙሪያውን አየ። ቀንም እዚያው የሚውሉት አያ ጓዴ በሩ ላይ ቆመው ያዩታል።

«አያ ጓዴ፣ ጋቢዎን ያውሱኛል?»

«ምነው፣ በረደህ?»

«ለእኔ አይደለም። ለሣጥኑ ነው።»

ዘበኛው ጋቢያቸውን ይበልጥ ሰበሰቡ። «ለምኑ?»

«ለሣጥኑ። እንዲሞቀው።»

«ይኼ ጋቢ ትናንት ታጥቦ ዛሬ የደረቀ ነው! በዚህ ሰማይ እንዴት እንደ ደረቀ እኔና እግዜር እናውቃለን።»

«አላቆሽሸውም።»

አያ ጓዴ ትንሽ አጉረመረሙ፤ ከዚያ ጋቢውን አውልቀው ራሳቸው ሣጥኑን ሕፃን እንደሚያዝል ሰው ጠቀለሉት። «በል እንግዲህ። ጋቢ የለበሰ ብረት ዛሬ አየሁ።»

ቢያዝን በዘበኛው ስልክ ለፋንታነሽ ደወለና ስልኩን መልሶ ለአያ ጓዴ ሰጣቸው። የቢያዝን ድምፅ በስልኩ በኩል እንዳይደርሳት ዘበኛው ውጭ መቆም አለባቸው፤ እሷ የምትለውን እየጮኹ ይነግሩታል። ከዚያ የመናገሪያውን ቁልፍ ተጫነ።

«ሙከራ። አንድ። ሁለት። ሦስት።»

ሣጥኑ ላይ ያለችው ቀይ መብራት ጠፋች። ድምፁን እንደ ዝምታ ቆጥሮት ተዘግቷል።

«ምነው?» አሉ አያ ጓዴ ከበር።

«አልሰማኝም።»

«አጠገቡ ሆነህ ሣጥኑ ካልሰማህ ቢቸና እንዴት ትስማህ? ጮክ በል እንጂ!»

እንደገና ተጫነ። ጮክ አለ። የራሱ ድምፅ በቆርቆሮው መሐል ሲያስተጋባ የሌላ ሰው መሰለው። መቶ ድረስ ቆጠረ፤ ሁለት መቶ ገባ። የሣጥኑ ሙቀት መለኪያ ሃያ ስድስት ይላል፤ በፀሐይ ቀን አምሳ ይደርሳል። ሁለት መቶ አርባ ላይ ሲደርስ ድምፅ ጣልቃ ገባ።

«ማን ነህ አንተ? ቁጥር እየተማርህ ነው?» ሲስተር ዘሚራ ነበረች። ከኋላዋ ሳቅ ይሰማል።

«ቢያዝን ነኝ… ማሠራጫውን እያሞቅሁ ነው።»

«በቁጥር?»

«ዝም ካልሁ ይዘጋል።»

«እንግዲያ ሌላ ነገር አውራን። ዛሬ የነፍሰ ጡር ክትትል ቀን ነው፤ አሥራ አንድ ሴቶች ከነባሎቻቸው እዚህ ተሰብስበው ይሰሙሃል። ሣጥኑ ምን ሆኖ ነው ቢቸናዎች ይዘጋ የሚሉት? ንገራቸው። ከተዘጋ የሚቸገሩት እነሱ ናቸው።»

ቢያዝን ጉሮሮውን ጠረገ። አሥራ አንድ ሴቶች። ከነባሎቻቸው። ግን መብራቷ ልትጠፋ ስትል ተናገረ።

«ሣጥኑ… ሁለት በሬ ጠምዶ እንደሚያርስ ገበሬ ነው። ሁለቱ እኩል ከጎተቱ ትልሙ ቀጥ ይላል። አንዱ ከበረታ ወይም አንዱ ወደኋላ ከቀረ ትልሙ ወደ ጎረቤት ማሳ ይገባል። ጎረቤታችን ቢቸና ናት። የእኛ ትልም ማሳቸውን እያበላሸባቸው ነው።» ቆም አለ፤ ከዚያም ያላሰበውን ጨመረ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። በብርድ ነበር የምጠምዳቸው። በሙቀት አንዱ እንደሚደክም አላየሁም።»

ከዋሻ በር አንድ የሽማግሌ ድምፅ መጣ። «ታዲያ ምን ልታደርግ ነው? ብርቱውን ትይዛለህ ወይስ ደካማውን ትገርፋለህ?»

«ብርቱውን እይዛለሁ፣ አባቴ። ደካማውን ብገፋው ይቃጠላል።»

«እሱስ ልክ ነህ» አለ ድምፁ። ሴቶቹ አንድ ነገር ተባባሉና ተሳሳቁ።

ከዚያ ወዲያ ወሬው ራሱ መንገዱን አገኘ። ሣጥኑ በውስጡ ምን እንዳለው፣ የፀሐይ መብራቱ ሣህን ለምን በየሳምንቱ መወልወል እንዳለበት፣ የእጅ ሬዲዮ ባትሪ ከውኃ እንዴት እንደሚጠበቅ ተናገረ። ዘሚራ ትጠይቃለች፤ እሱ ይመልሳል። መለኪያውን ቀና ብሎ ሲያይ አርባ ስምንት ደርሷል። ስድስት ሰዓት ተኩል አልፏል።

«ቢቸና ትሰማሃለች!» ብለው ጮኹ አያ ጓዴ። ውጭ ካፊያ ጀምሯል፤ ያለ ጋቢ ትከሻቸውን ሰብስበው ቆመዋል። «ቃል በቃል ትሰማሃለች። ስለ ባትሪው የነገርኸንም ጥሩ ነው ብላለች!»

ቢያዝን በአንድ እጁ ቁልፉን ይዞ በሌላው የክንዶቹን ልክ የሚቀይርበትን ኮምፒዩተር ጎተተ። መጀመሪያ የጉልበቱን ልክ በጣም በትንሹ ወደ ላይ አነሣው።

«ጨመረ! ጭራሽ እቅፌ ገባ ትላለች!»

ወደ ታች መለሰው።

«ቀነሰ!»

እንደገና ዝቅ አደረገው።

«ቀነሰ!»

አሁንም።

«እንዳለ ነው ትላለች!»

ከዚህ በላይ በጉልበት አይጠፋም። ወደ ሁለተኛው ልክ፣ ወደ መዘግየቱ ዞረ። ወደ ቀኝ ሲያደርገው ጨመረ፤ ወደ ግራ ሲያደርገው ቀነሰ። ይህን ሁሉ ሲያደርግ አፉ አላረፈም፤ ለዋሻ በር ሰዎች እያንዳንዷን እርምጃ ይነግራቸዋል። «አሁን ወደኋላ የቀረውን አስጠጋሁት። አሁን ተመልሼ ብርቱውን ትንሽ ያዝሁት። አሁን አንድ ፀጉር ታህል…»

«ለምን ዝም አልህ ትልሃለች!» ብለው ጮኹ አያ ጓዴ።

ቢያዝን ደነገጠ። መብራቷን አየ፤ በርታለች። «ዝም አላልሁም! እየተናገርሁ ነው በሏቸው!»

አያ ጓዴ ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ። «እየተናገረ ነው እኮ እመቤቴ! እዚህ ጆሮዬን በጥሶታል!» አዳመጡ። ከዚያ ጥርስ የሌለው ድዳቸው እስኪታይ ሳቁ። «አልሰማሁትም ትላለች። አንዲት ቃል!»

ቢያዝን በሕይወቱ ይህን ያህል ጮኾ ተናግሮ አያውቅም፤ አለመሰማትም ይህን ያህል ደስ ብሎት አያውቅም። «ሲስተር ዘሚራ፣ እርስዎስ ይሰሙኛል?»

«ከጎኔ እንደ ተቀመጥህ።»

ግን ሥራው አላለቀም። ጋቢውን ከሣጥኑ ላይ ገፈፈና ለአያ ጓዴ መለሰላቸው፤ ሞቅ ያለ ጋቢ ለብሰው «ይኼስ ደግ ነው» አሉ። ሣጥኑ ሲቀዘቅዝ ግን ፋንታነሽ ጥላውን እንደገና ሰማችው። ለሙቀቱ የተስማማው ልክ ለብርዱ አልተስማማም። እንደ ፈራው ነው፤ ለየሙቀቱ የየራሱ ልክ ያስፈልጋል። በአምሳ፣ በአርባ፣ በሠላሳ፣ በሃያ እየተለካ ከተጻፈለት፣ ሣጥኑ መለኪያውን እያየ ራሱ ይቀያይረዋል። ሰባት ሰዓት ሊሞላ ሦስት ደቂቃ ቀርቷል።

ሌላ ቀን ቢሆን «ሰዓቱ አልቋል» ብሎ ይወርድ ነበር። ቁልፉን ተጫነ። «አምቡላንስ ክፍል፣ ቢያዝን ነኝ። አንድ ሰዓት ጨምሩልኝ። ድንገተኛ ጥሪ ከመጣ ወዲያው እለቃለሁ።»

«ቀጥል፤ እኛም እየሰማንህ ነው» አለ ከታች የተቀመጠው ሠራተኛ።

ስምንት ሰዓት ሲሆን አራቱም ልኮች በደብተሩ ላይም በሣጥኑም ውስጥ ተጽፈው ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል የአያ ጓዴ ስልክ ጮኸ። ፋንታነሽ ናት፤ እንዲያናግራት ፈለገች።

«ስማ» አለችው። «ይዘጋ የሚለውን አልልከውም። ግን ሥራዬ ነውና አልለቅህም፤ ዛሬ ያየነው የጋቢ ሙቀት ነው፣ የፀሐይ አይደለም። እስከ መስከረም በየቀኑ በቀትር ትናገራለህ፣ እኔ አዳምጣለሁ። ከሰማሁህ እነግርሃለሁ።»

«በየቀኑ?»

«ምነው፣ ወሬ አለቀብህ?»

«እናገራለሁ» አለ ቢያዝን።

ሰኞ ፀሐይ ወጣ። ቢያዝን በስድስት ሰዓት በገበያው መሐል አልፎ ወጣ፤ ሐምዱ ከሱቁ በር ላይ ሆኖ «ጋዜጠኛው!» ብሎ ጮኸበት። ሁለት ሴቶች ዞር ብለው አዩት። አንገቱን ደፋ፤ መንገዱን ግን አልቀየረም።

ሣጥኑ በራሱ ጊዜ ግሎ አምሳ ሁለት ላይ ደርሷል። ቁልፉን ተጭኖ ሙከራ መሆኑን ተናገረ። ፋንታነሽ በስልክ፣ «ከግድግዳ ወዲያ እንዳለች ትንኝ ነው፤ የሚጠራኝን ሰው አይሸፍንብኝም» አለች። የአምሳውን ልክ ነካ አደረገው። «አሁን ትንኟም ሄደች።»

«ዛሬስ ስለ ምንድን ነው የምታወራን?» አለች ዘሚራ በሬዲዮው። ድምፅዋ ቸኩሏል። «ቶሎ በል፤ ምጥ የያዛትን አንዲት ሴት ጧት በቃሬዛ አስነሥተናታል፤ ቃሬዛው ዳገቱን እያጋመሰ ነው። አንዱ የእጅ ሬዲዮ ከእነሱ ጋር አለ። መኪናው መነሣቱን ማወቅ ይፈልጋሉ።»

ቢያዝን በተከፈተው በር ወደ ታች ተመለከተ። ከኮረብታው ላይ መንገዱ ሁሉ ይታያል።

«ይታየኛል» አለ። «አሁን መኪናው ከግቢው ወጣ። ገበያው ጋ በጎች መንገድ ዘግተውበታል… ተለቀቀ። የአስፋልቱን መጨረሻ አለፈ። አይዟችሁ፣ እየመጣ ነው። አሁን ወደ እናንተ ታጠፈ።»